እትዬ ዘይነባ የጻፈችው መልቀቂያ

እትዬ ዘይነባ መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ጠዋት አርፋ ከቀትር በኋላ ጀናዛዋ ወጥቷል፤ እኔ በባጃጅ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ስታፍ ውስጥ ቁጭ ብዬ የልጆች ፈተና አርማለሁ። አመሻሽ ላይ የግቢያችን ጥበቃ በመስኮት ብቅ ብሎ «ቲቸር፣ አንተ ቀብር አልሄድክም እንዴ?» አለኝ። «የማን ቀብር?» አልኩት። ሲነግረኝ እርማቱን ትቼ ተነሳሁ። ከዚያ ንዴት ያዘኝ። ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ! ለአንዱ ስደውል እሱም አልሰማ፣ ለሌላዋ ስደውል እሷም ገና ከእኔ መስማቷ ነው።

ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኛ በመምህራኑ መካከል ሰው ሲሞት እየደወለ የሚያረዳ፣ ሚኒባስ የሚኮናተር፣ «ሦስት ሰዓት መናኸሪያ፣ ነጠላ እንዳትረሱ» የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እሷ ነበረች። የስንቱን መርዶ ያደረሰች ሴት የራሷን የሚያደርስላት አጣች። ሰው «ጊዜው ከፋ» ይላል። እኔ ግን በጊዜ አላሳብብም፤ እዚህ ያደረሰንን አውቀዋለሁ፣ ልናገረውም ነው።

ያኔ ከሐይቅ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። እዚያ የመምህራን ማኅበሩ ተጠሪ እሷ ነበረች። ተጠሪ ማለት ደሞዝ የሌለው፣ ስድብ ያለው ሥራ ነው። ደቃቃ ሴት ናት፤ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ታስራለች፣ ጥቁር ቦርሳዋ ከትከሻዋ አይወርድም። ስታናግርህ የእጅህን አንጓ ትይዛለች፤ መልስ ሳትሰጣት አትለቅህም። መጀመሪያ ሰሞን በዕድሜ ታላቄ ናት ብዬ አንቱ ስላት «ስማ ደሳለኝ፣ ማኅበር ውስጥ አንቱ የለም። ሁለተኛ አንቱ ካልከኝ እንደ ጡረተኛ ቆጥሬህ ከስብሰባ አስቀርሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ እያልኩ አንቺ አልኳት።

እንዴት አባል እንዳደረገችኝ ልንገራችሁ። ፍራሼን በትከሻዬ ተሸክሜ ከመኪና ስወርድ፣ ማን እንደነገራት እንጃ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። «አዲሱ አስተማሪ አንተ ነህ? ና፣ ቤት አለ። ሴትዮዋ ተቆጪ ናት፣ ግን ልቧ ደግ ነው።» ቤቱን አሳየችኝ፣ ኪራዩን ተከራክራ አስቀነሰችልኝ፣ ባልዲ አዋሰችኝ። ስለ ማኅበር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በወሩ እኔው ነኝ ያነሳሁባት።

«እትዬ፣ ሁሉም አባል ነው። እኔን አታስገቢኝም?»

«ገና ነህ።»

«ምን ጎደለኝ?»

«ሰው ተርቦ የፈረመውን ሲጠግብ ይክደዋል። መጀመሪያ ጥገብ፣ ከዚያ ለቅሶ ደርሰህ ትመጣለህ፣ ከዚያ ትፈርማለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። የምሯን ነበር። የእሷ አመላመል እንዲህ ነው፤ አዲስ ሰው ፎርም የሚሰጠው ከእኛ ጋር የአንድ አባል ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ነው። እኔም ተራዬ ደረሰና አባቱ ወደሞቱበት መምህር ተሳፍረን ሄድን። ሙስሊሙ ዱዓ አደረገ፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር አለ፤ ባልደረባችን ያን ሁሉ ሰው ከመኪና ሲወርድ ባየ ጊዜ የሆነውን አልረሳውም፤ እስከዚያ ድረስ ያላለቀሰው ሰውዬ ያኔ ነው የፈረሰው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከቦርሳዋ ፎርሙን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «በል፣ ምን ላይ እንደምትፈርም አየህ» አለችኝ።

«ማኅበሩ ምን ያደርግልኛል?» የሚላት አይጠፋም ነበር። «ስትሞት ታየዋለህ» ትለዋለች፤ ሳቅ በሳቅ እንሆናለን። ሲከፋት ደግሞ «ማኅበር እኮ ቅሬ ነው» ትላለች። የእኛ አገር ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ወሎ ላይ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይቀበራል፣ ባንድ ቅሬ ይተዛዘናል፤ ከቅሬ የተባረረ ሰው ቆሞ ይሂድ እንጂ በሕይወት አለ አይባልም።

አባል ማስገባቱን ብዙ ሰው ይችለዋል፤ ማቆየቱን ነው የቻለችበት። አንድ ጊዜ አንድ መምህር «ማኅበሩ ዕድገት አላስሰጠኝም» ብሎ ተቆጥቶ መልቀቂያ አስገባ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ከራሱ አፍ ሳልሰማ ወጣ አልልም» አለች። ቅዳሜ ቤቱ ሄደች። ስለ ላሙ አወራች፣ ስለ ልጁ ጥርስ አወራች፣ ተነስታ ሄደች። በሳምንቱም ደገመችው። በአራተኛው ቅዳሜ ሰውዬው «ኧረ በፈጠረሽ! ወረቀቴን መልሽልኝና ቅዳሜዬን ተይልኝ!» ብሎ ከበር ተቀበላት። መለሰችለት፤ እሱም ቀድዶ ጣለው። ይህን ታሪክ እሱው ራሱ እየሳቀ ነበር የሚያወራው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ደሞዝ አንድ ወር ዘገየ፣ ሁለት ወር፣ ሦስት። አንዱ ባልደረባችን ከትምህርት ሰዓት ውጪ አስፋልት ዳር ዓሣ ይሸጥ ጀመር፤ ተማሪዎቹ ሲያልፉ ፊቱን በባርኔጣ ይሸፍናል። ማኅበሩ ደሞዛችን ይከፈለን ብሎ ማመልከቻ አስገባ፤ ሁላችንም ፈረምንበት። ብዙም ሳይቆይ አንድ የተባዛ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ያዘ። «ከማኅበሩ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ለስምና ለፊርማ ባዶ ቦታ አለው። ማን እንደሚያዞረው በግልጽ የሚያውቅ የለም። የፈረመ አይነካም፣ ያልፈረመ ቆላ ወርዶ ሰው የማያውቀው ትምህርት ቤት ይመደባል ተባለ። ሰው ተንሾካሾከ። ሠላሳ አንድ ነበርን፤ ግማሹ በዓይኑ ከወጣ ቆይቷል።

እትዬ ዘይነባ አንደኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበችን። በሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀመጥን። እንደዚያ ቀን ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ ስታወራ የያዘችው ጠመኔ እጇ ላይ ይፈረፈራል።

«አንድ ሰው ከወጣ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» አለች። «አውቃችኋለሁ፤ እኔም ከእናንተ አልሻልም። ስለዚህ እንደ ቅሬ እንሁን። የወጣ ሰው እሳት አይጫርለት። ለደስታውም ለሐዘኑም አይደረስለት። ማሉ።»

አንድ ሰው «ይከብዳል እትዬ» ሲል ሰማሁ። «እንዲከብድ ነው» አለችው። ሙስሊሙ በአላህ፣ ክርስቲያኑ በማርያም ማልን። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅሬ እንኳ ሰው የሚያባርረው ሽማግሌ ልኮ፣ አስጠርቶ፣ የሰውዬውን ቃል ሰምቶ ነው። እኛ ቅጣቱን ወሰድንና መስማቱን ረሳነው፤ ከመካከላችን ይህን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም።

መሐላው ሁለት ወር ያህል ያዘን። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ስታፍ ስንገባ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፦ «ከማኅበሩ በፈቃዳቸው የለቀቁ።» አራት ስም አለበት። ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። ሦስቱ እዚያው አቀርቅረው ቆመዋል፤ አልካዱም። አራተኛው ይርጋ ነው።

ይርጋ ሳይንስ የሚያስተምር ዝምተኛ ልጅ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ባለቤቱ ስንዱ ግን የአምባሰል ልጅ ናት። ስንዱ ሳንባዋን ታማ ይርጋ ከመሐላው ቀን በፊት አንስቶ ፈቃድ ወስዶ ደሴ ያስታምማታል። ስልክ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። እትዬ ዘይነባ ከወረቀቱ ፊት ብዙ ቆመች። አሁን ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ነው፣ ከአፉ ልትሰማ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ይርጋም?» አለች በመጨረሻ።

«ለስንዱ ብሎ ይሆናል፣ ወደ ከተማ እናዛውርህ ብለውት» አልኳት።

«አዎ፣ ለእሷ ብሎ ነው። አልፈርድበትም።» ሻሿን አጠበቀች። «ግን እሱን ከማርን ነገ ቤቱ የታመመ ሰው የሌለው ማን አለ? ሁሉም በበሽተኛው አሳብቦ ይወጣል። ቃል ቃል ነው፣ ከመዝገቡ ሰርዘው።»

ሰረዝኩት። ማኅተም የሌለው ወረቀት አይታ «ይህ ለእሳት ማያያዣ ነው» የምትል ሴት ያን ቀን አመነች። እኛም አመንን፤ ሦስቱ እውነት ስለሆኑ አራተኛውን የጠረጠረ የለም።

ይርጋ ተመልሶ ሁለት ሳምንት አስተማረ። «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ስታፍ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደብተሩን ይገልጣል። እሱ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ አግዳሚው ባዶውን ይቀራል። መጀመሪያ ይገረም ነበር፣ ከዚያ ሰላምታውን ተወ፣ ከዚያ ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ እያለ ደወል መጠበቅ ጀመረ። ወረቀቱ ከግድግዳው ተነስቷል፤ ምን እንዳደረገም ሆነ ስለ መሐላው ማንም አልነገረውም፤ የሚያውቀው ነበር የመሰለን። ከዚያ ስንዱ ባሰባትና ተመልሶ ደሴ ሄደ።

የስንዱን መሞት የነገረን ከውጫሌ የመጣ ሰው ነው። ቀብሩ በማግስቱ በአባቷ አገር፣ ከግሸን በታች ነው አለን። ሁላችንም ስታፍ ውስጥ ቆመን እትዬ ዘይነባን እናያለን። «እንሂድ» ብትል ሮጠን ነበር የምንሳፈር። ወላሂ እላችኋለሁ፣ አንድ ሰው አይቀርም ነበር። እሷ መስኮቱን እያየች «መሐላ አለብን» አለች። በማግስቱ ሚኒባስ የተኮናተረ የለም። ክፍል ገብተን አስተማርን። ተማሪዎቿ በኋላ እንደነገሩኝ ያን ቀን አንዱን የማካፈል ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሳትሠራው አጥፍታዋለች።

ማኅበሩም በዚህ አልዳነ። መሐላው አንዴ ሥራ ላይ ሲውል ሰው ወረቀት የሚያዞሩትን ብቻ ሳይሆን እኛንም ፈራ። አንዱ ሲወጣ ሌላው አብሮ ይወጣል፤ የሚያስቀር ፍቅር የለም፣ ፍርሃት ብቻ ነው የቀረው። ሠላሳ አንድ የነበርነው አሥራ አራት ቀረን። እሷ ከሳች። ሳቋ ጠፋ። የማንንም እጅ ይዛ አላየሁም።

የስንዱ አርባ ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ ጠራችኝ።

«ነገ አምባሰል እንሄዳለን።»

«ይርጋ ጋ?»

«ቅሬም ቢሆን ያባረረውን በሽማግሌ ይመልሳል። እኔ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ አንተ ሽማግሌ ትሆናለህ። እሱ ከተመለሰ ሌሎቹም ይመለሳሉ።» ቦርሳዋን ስትከፍት አዲስ የአባልነት ፎርም አየሁ። አልዋሻችሁም፣ ተናደድኩ። ለለቅሶ ነው ለምልመላ የምንሄደው? ልላት ብዬ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ለእሷ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

በሚኒባስ ውጫሌ ደረስን፤ ከዚያ ሽቅብ በእግር ሁለት ሰዓት። ይርጋን አማቶቹ ቤት በር ላይ አገኘነው፤ ጥቁር ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። ሲያየን ተነሳ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ «ተቀመጡ፣ መንገዱ አድካሚ ነው» አለን። እሷ አልተቀመጠችም።

«ይርጋ፣ ለለቅሶህ ሳልደርስ ቀርቻለሁ። አውፍ በለኝ። ብትወጣብንም መቅረት አልነበረብኝም።»

«ከየት ነው የወጣሁት?»

«ከማኅበሩ።»

አያት። እኔን አየኝ። «እኔ ከማኅበሩ አልወጣሁም» አለ።

«ስምህ ተለጥፎ…»

«ወረቀቱን አንድ የማላውቀው ሰው ደሴ ድረስ አምጥቶልኝ ነበር። ፈርም፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ እናዛውርሃለን አለኝ። ለስንዱ ነገርኳት። ‹እትዬ ዘይነባን እንዳታሳፍራት› አለችኝ። አልፈርምም ብዬ መለስኩት።»

እትዬ ዘይነባ ቁርበቱን ትታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «ያ ረቢ» አለች።

«እኛ የስንዱን ሳንባ ፈርታችሁ መስሎን ነበር» አለ ይርጋ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አትጠጉት ተባብላችሁ ነው ብዬ ለእሷም እንደዚያው ነገርኳት። ‹ሰው ያስጠላሁህ እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ› እያለችኝ ነው የሞተች። የቀብሩ ለት የአገሩ ሰው የሥራ ጓደኞችህ የታሉ ሲለኝ፣ ደሞዝ ስለሌለ የመኪና አጥተው ነው አልኩ። አልዋሸሁም መሰለኝ፤ ደሞዝም አልነበረም።»

«ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ደውለህልኝ ነበር» አለችው።

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ» አለች። እጇን ዘርግታ የእጁን አንጓ ልትይዝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ፎርም አየና «ይህ ምንድን ነው?» አላት።

«የመግቢያ ነው። ልመልስህ ብዬ…»

«የመውጫው የታለ?»

«እሱ ፎርም የለውም። በነጭ ወረቀት ነው የሚጻፍ።»

«እንግዲያውስ ጻፊልኝ።»

«ይርጋ፣ ተው እንጂ ወንድሜ!» አልኩ። «ስህተት ነው፣ በጉባኤ ይቅርታ እንጠይቅሃለን…» እሷ ናት ያስቆመችኝ። «ተወው ደሳለኝ፣ መብቱ ነው።» ከደብተሯ ሉክ ቀድዳ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ መጻፍ ጀመረች። ቀን ጻፈች፣ ለማኅበሩ ብላ ጻፈች፣ ስሙን ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሕጉን እንደምታስፈጽም ሰው፣ «ምክንያት ይጠየቃል፣ ምን ልበል?» አለችው።

«ለለቅሶዬ አልደረሱም በይ።»

እንዳለው ጻፈችው። አንብቦ ፈረመ። ከሥሩ «ተቀብያለሁ፣ ዘይነባ» ብላ ፈረመች። «ማኅተሙን ሰኞ አደርግበታለሁ» አለችው። አደረገችበትም፤ ሰኞ ዕለት አሥራ አራታችንን ሰብስባ ከላይ እስከ ታች አነበበችልን፣ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ እስክትሞት አንድ ሰው እንኳ አባል ሁን አላለችም። ማኅተሙን የሚያነሳ ጠፍቶ ብዙ ቀን እዚያው ከረመ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ደሳለኝ» አለችኝ። «ይርጋን ማን አስገባው ብለው ቢጠይቁህ ዘይነባ ናት በል። ማን አስወጣው ቢሉህም ዘይነባ ናት በል።» እሺ አልኳት። እሺ ማለቴ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

አንድ ነገር ነበር፣ ሳልነግራት የሞተች። ስንዱ ከማረፏ ሳምንት በፊት፣ ሐይቅ መናኸሪያ ላይ፣ ወደ ደሴ ሊሳፈር የቆመው ይርጋ ከሰው መሐል አይቶኝ መጣና እጄን ያዘኝ። መድኃኒት በፌስታል ይዟል። «ደሳለኝ፣ ምን አጠፋሁ? አንድ ቃል ንገረኝ» አለኝ። «ፈርመሃል ወይ?» ብለው በቂ ነበር፤ እዚያው ያልቅ ነበር፣ ስንዱም እውነቱን አውቃ ታርፍ ነበር። እጄን ከእጁ አላቅቄ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አምባሰል ላይ ይርጋ ይህን ከፊቷ ሊያወጣብኝ ይችል ነበር፤ አየኝና ተወው። እኔም ዝም አልኩ። እሷ ጥፋቱን ሁሉ የኔ ነው ብላ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ እኔ ቦርሳዋን ይዤላት ከኋላዋ ወረድኩ።